ለደንበኛ የሠራነውን ሥራ ኮፒ ስለማስቀረት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ በቪዲዮ፣ በፎቶ፣ በዲዛይን፣ በትርጉም፣ በቤት ፕላንና በመረጃ ሰብሳቢነት በኮንትራት የሚሠሩ ልጆች ፒያሳ ካለችው ሥራ ቤቴ እየመጡ ደጋግመው የሚጠይቁኝን፣ ከቀላሉ ጀምሬ ጽፌዋለሁ።

ኮፒ ማስቀረት ስንል የቱን ኮፒ ነው?

አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው ይህ ሳይለይ ስለሚቀር ነው። የአንድ ሠርግ ፎልደር ብትከፍቱ ሦስት ዓይነት ነገር ተቀላቅሎ ታገኛላችሁ። አንደኛው ደንበኛው የሰጣችሁ ነው፤ የልጅነት ፎቶ፣ የድርጅት ሎጎ፣ የስም ዝርዝር፣ አንዳንዴም የመታወቂያ ስካን። ሁለተኛው ስትሠሩ ያመረታችሁት ነው፤ ያልተቆረጠው ቀረጻ፣ የፎቶሾፕ ፋይሉ ከነሌየሩ (ምስሉ ከተሠራባቸው ድርብርብ ክፍሎች ጋር)፣ የፕሪሚየር (የቪዲዮ ማቀናበሪያው) ፕሮጀክት፣ የትርጉሙ ረቂቅ። ሦስተኛው ያስረከባችሁት ያለቀለት ሥራ ነው።

ደንበኛው የሰጣችሁ አደራ ነው። ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል ወይም ይጠፋል፤ በዚህ ላይ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። ጥያቄ ያለው በሁለቱ ላይ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም በአብዛኛው ስለ እነሱ ነው።

በእጄ የሠራሁት ሥራ የእኔ አይደለም እንዴ?

ሥራውን ያመነጫችሁት እናንተ ናችሁ፤ ይህን ማንም አይወስድባችሁም። ነገር ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሁለት መብቶችን ለያይቶ ያስቀምጣል። የሞራል መብት የሚባለው «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» የማለት፣ ሥራው ክብራችሁን በሚነካ መንገድ ሲጣመም የመቃወም መብት ነው። ኢኮኖሚያዊ መብት ደግሞ ሥራውን የማባዛት፣ የማሰራጨት፣ የመተርጎም፣ ለሕዝብ የማሳየት መብት ነው።

አንቀጽ 21 ላይ ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ሥራው የተሠራው በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ የኢኮኖሚያዊ መብቱ ባለቤት አሠሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ሰው ነው። ይህን የነገርኳቸው ልጆች ሁሉ ይደነግጣሉ። ኢንተርኔት ላይ የሚያነቡት ምክር በብዛት በሌላ አገር ሕግ የተጻፈ ነው፤ ፍሪላንሰሩ (በግሉ በኮንትራት የሚሠራው ባለሙያ) በጽሑፍ እስካላስተላለፈ ድረስ መብቱ ከእሱ ጋር የሚቆይባቸው አገሮች አሉ። እኛ ዘንድ መነሻው የተገላቢጦሽ ነው፤ ዝም ካላችሁ መብቱ የደንበኛው ነው።

«ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ» የምትለዋን ሐረግ ግን አትለፏት። ሕጉ ለእናንተ የተወላችሁ በር እሷ ናት።

ውል አልጻፍንም፣ በቃል ነው የተስማማነው። ታዲያ ፋይሉን ማጥፋት አለብኝ?

ይህን ከሁሉ በላይ ነው የምጠየቀው። በሠራችሁበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ መቅረቱ የሥራው ጠባይ ነው፤ ስትሠሩት እዚያው ተፈጥሯል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ፋይል ላይ ሌላ ሲባዛ፣ ሲላክ፣ ሲለጠፍ፣ ሲሸጥ ነው። የማባዛትና የማሳየት መብቱ የደንበኛው ከሆነ፣ ዲስካችሁ ውስጥ መኖሩ ብቻ እናንተን ባለመብት አያደርጋችሁም። ሕጉ የታተመን ሥራ ለራስ ጥቅም በአንድ ኮፒ ማባዛትን ይፈቅዳል፤ ያልታተመ ሥራ ግን እዚያ ውስጥ አይገባም፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምም እንደዚሁ። ፒያሳ የተለጠፈ ፖስተርና ገና ያልወጣ የኩባንያ ካታሎግ አንድ አይደሉም።

መፍትሔው ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንዲት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። እኔ ከዋጋ ማቅረቢያዬ ግርጌ የማስገባት ይህችን ነው፦ «ባለሙያው የሥራውን አንድ ኮፒ ለመጠባበቂያና ለሥራ ማሳያ ማስቀረት ይችላል፤ ለሌላ ሰው አይሰጥም፣ አይሸጥም።» ደንበኛው «ለሥራ ማሳያ» የሚለውን ካልወደደ ይሰርዘዋል፤ «ለመጠባበቂያ» የሚለውን የሰረዘ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ሁለት ምስክር ብታገኙ ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል። የሚያሳፍር ነገር የለውም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በሚገባ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው፤ ያልተጻፈው ነገር ነው በኋላ ሰውን ከሰው የሚያቀያይመው።

ደንበኛው ከተረከበ በኋላ ማስቀመጡ ለምን ያስፈልጋል?

ከአራት ዓመት በፊት፣ በጥር፣ ከአዘዞ አንዲት እናት መጡ። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ሲዲ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ሲዲው ተጫጭሯል፣ ማጫወቻው ይጀምርና ያቆማል። የልጃቸውን ሠርግ የቀረጽኩት እኔ ነበርኩ። «ልጄ፣ ጭፈራውን አይደለም እኔ የፈለግሁት፤ አባቷ የሚመርቅበትን ብቻ ፈልግልኝ» አሉኝ። ባለቤታቸው በዚያው ዓመት አርፈው ነበር።

ከሳጥኑ ውስጥ በነጭ ፕላስተር ላይ በማርከር «2006 ጥር–የካቲት» ብዬ የጻፍኩበትን ሃርድ ዲስክ አወጣሁ። ያለቀለት ቪዲዮ አለ። ምርቃቱ ላይ ግን ዘፈን ጭኜበታለሁ፤ አባትየው እጃቸውን ዘርግተው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ የሚሉት አይሰማም። ያኔ የሚያምር መስሎኝ ነበር። ድምፃቸው የተገኘው ካልተቆረጠው ቀረጻ ውስጥ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ከትንሽ፣ ከኋላ የሕፃን ልቅሶ አለበት። እናትየው ቆመው ነው የሰሙት፤ በእያንዳንዱ ምርቃት መጨረሻ «አሜን» ይሉ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥሬ ቀረጻ ለማጥፋት አልቸኩልም፣ ምርቃት ላይም ዘፈን አልጭንም።

ሌላው ምክንያት ራሳችሁን ለመከላከል ነው። አንድ ድርጅት የብሮሹር ሥራ ከተረከበ ከወራት በኋላ «ያስረከብከን ስህተት ያለበትን ነው፣ ሁለተኛውን ክፍያ አንከፍልም» አለኝ። የላክሁት ፋይል ከነቀኑ፣ «አይተነዋል፣ ይታተም» ያሉበት መልእክትም ነበረኝ። ስህተቱ የገባው እነሱ ማተሚያ ቤት ሲደርሱ ራሳቸው በለወጡት ገጽ ላይ ነበር። ኮፒው ባይኖረኝ ኖሮ በቃል ክርክር እሸነፍ ነበር።

ሶርስ ፋይሉን (ሊታረም የሚችለውን ዋናውን የሥራ ፋይል) ስጠኝ ይለኛል። የመስጠት ግዴታ አለብኝ?

ውሉ ምን ይላል? «አንድ ባነር ታትሞ፣ አንድ የህትመት ፋይል» ከተባለ፣ ያንን ሰጥታችሁ ግዴታችሁን ተወጥታችኋል ብዬ ነው የማምነው። «ዲዛይኑን በሙሉ» ከተባለ ግን ሌየሩን ጠፍጥፎ ምስል ብቻ መስጠት ከቃል መሸሽ ነው። ሶርስ ፋይል ዋጋው ሌላ ከሆነ ከመጀመሪያው ዋጋውን ለብቻ አስፍሩት። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚጠራ ዋጋ ለደንበኛው እንደ ማስፈራሪያ ነው የሚሰማው፤ እውነትም አለው።

ለስንት ጊዜ ላስቀምጠው?

በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ሌላ አጭር ጊዜ ካልተወሰነ በቀር፣ ከውል የሚመነጭ ክስ በ10 ዓመት ይታገዳል። ስለዚህ ውሉን፣ ደረሰኙን፣ የርክክብ መልእክቱንና ያለቀለትን ሥራ 10 ዓመት ማቆየት ምክንያታዊ ነው፤ ቦታም አይፈጁም። ቦታ የሚበላው ጥሬ ቀረጻው ነው። እኔ የሠርግና የልቅሶ ቀረጻ ዲስኩ እስከሠራ ድረስ አላጠፋም፤ የማስታወቂያ ጥሬ ቀረጻ ግን ሁለት ዓመት አቆይቼ፣ ለደንበኛው ደውዬ፣ አጠፋለሁ። የመታወቂያና የፓስፖርት ስካን ሥራው በተረከበበት ሳምንት ይጠፋል።

ስለ አቀማመጡም አንድ ነገር ልበል። ሁለት ዲስክ፣ በሁለት ቤት። ሁለቱም አንድ ቁምሳጥን ውስጥ ካሉ ሌባ ሲገባ ሁለቱንም ነው የሚወስደው። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ መብራት ሲሄድ ፋይል ይበላሻል፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) የሌለው ሰው ቢያንስ ከገለበጠ በኋላ ፋይሎቹን ከፍቶ ይይ። ቴሌግራም ላይ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ፎቶውን በፋይል መልክ መላኩን ያረጋግጥ፤ አለበለዚያ ተጨምቆ ጥራቱን ያጣል።

የሠራሁትን ቴሌግራም ቻናሌ ላይ ለማስተዋወቂያ ልለጥፈው?

ሁለት ፈቃድ ነው የሚያስፈልጋችሁ፤ ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ያስባል። አንዱ የሥራው ባለመብት ፈቃድ ነው። ሁለተኛው ፎቶው ላይ ያለው ሰው ፈቃድ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ቴሌግራም ከመፈጠሩ በፊት የተጻፈ ነው፤ ግን ለዛሬው ቻናል ልክክ ብሎ ይሠራል።

ይህን እኔም በስህተቴ ነው የተማርኩት። የአንድ መልስ ፎቶ፣ ሙሽራዋ ከእናቷ ጋር የምታለቅስበትን፣ በጣም ስለወደድኩት ሳልጠይቅ ለጠፍኩት። በሦስተኛው ቀን ወንድሟ ሥራ ቤቴ መጣ። አልጮኸም። «ወንድሜ፣ የጠራንህ እንድታነሳን ነው እንጂ ገበያ ላይ እንድታወጣን አይደለም» አለኝ። ወዲያው አጠፋሁት፤ ቤታቸው ድረስ ሄጄም ይቅርታ ጠየቅሁ። አሁን ፎቶ በምመርጥበት ቀን «ከእነዚህ ውስጥ ላሳይ የምችለው የትኛውን ነው?» ብዬ ሙሽሮቹን ራሳቸውን አስመርጣለሁ። በብዛት ከጠበቅሁት በላይ ይፈቅዱልኛል።

በጥምቀት የተነሳ ፎቶስ? እዚያ እኮ ሁሉም ሰው ያነሳል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 28 ለዚህ ልዩ ሁኔታ አለው። ምስሉ የሕዝብ ጥቅም ካለው ወይም በአደባባይ ከተፈጸመ ድርጊትና ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ከሆነ የሰውየው ፈቃድ አያስፈልግም። ጥር 11 ቀን ፋሲለደስ መዋኛ ላይ ታቦታቱን የከበበው ሕዝብ እዚህ ውስጥ ይገባል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ ፎቶው የሚፈለግ ሆኗል፤ በኮንትራት የሚቀጠሩ አንሺዎችም በዝተዋል።

ሁለት ነገር ግን አትቀላቅሉ። ውኃው ሲረጭ ልብሷ ከሰውነቷ የተጣበቀባትን ልጅ አቅርቦ ማንሳትና ያንን መሸጥ የሥነ ሥርዓት ፎቶ ነው ብዬ አልቀበልም። ሌላው፣ ከሰዎቹ ፈቃድ ነፃ መሆናችሁ ከቀጣሪያችሁ ፈቃድ ነፃ አያደርጋችሁም። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ለሦስቱ ቀን ከፍሏችሁ ካነሳችሁ፣ በሌላ ካልተስማማችሁ በቀር ፎቶውን ለሌላ አስጎብኚ መሸጥ አትችሉም።

ለጥናት መረጃ ስሰበስብ ቆይቻለሁ። መጠይቁ ስልኬ ላይ ቀርቷል፤ ላስቀምጠው?

አታስቀምጡት። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ስለምንኖር በዚህ ሥራ ብዙ ወጣት ይተዳደራል፤ ማስጠንቀቂያዬም የበረታው ለዚህ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው የእናንተ ድርሰት ሳይሆን የሰው ገመና ነው። ወይዘሮዋ «ለጥናት ነው፣ ስሜ አይወጣም» ተብለው የነገሯችሁ የጤና ሁኔታ፣ የቤታቸው ገቢ፣ የሞተባቸው ልጅ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የግል ዳታ ከተሰበሰበበት ዓላማ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ ያዛል፤ ጤናን ለመሰለው ዳታ ደግሞ ጥብቅ ጥበቃ ይሰጣል።

ለተቆጣጣሪያችሁ አስረክቡ፣ መድረሱን በጽሑፍ አረጋግጡ፣ ከዚያ ከስልካችሁም፣ ከሚሞሪ ካርዱም፣ ለተቆጣጣሪው ከላካችሁበት የቴሌግራም መልእክትም አጥፉ። ለራሳችሁ የምታስቀሩት የቅጥር ውሉን፣ የሠራችሁበትን ቀንና ያስረከባችሁትን የመጠይቅ ብዛት ነው። ነገ ሥራ ፍለጋ ስትሄዱ የሚጠቅማችሁም እሱ ነው።

ተርጓሚና የሒሳብ ሠራተኛስ?

የፍርድ ቤት ሰነድ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የድርጅት ሒሳብ በእጃችሁ የሚያልፍ ከሆነ የቅጂ መብት ጥያቄው ሁለተኛ ነው። የመጀመሪያው ምስጢር ነው፤ የወንጀል ሕጉ የሙያ ምስጢር ማውጣትን ይቀጣል። የትርጉሙን ኮፒ ስህተት ቢገኝ ለማረም ያህል፣ በይለፍ ቃል በተዘጋ ፎልደር አስቀምጡ። የምትወዷቸውን የቃላት መፍቻዎች ግን ለይታችሁ ያዙ፤ ከሰነዱ ስምና ቁጥር ከወጣ በኋላ የቀረው ቃል የሙያችሁ እውቀት ነው።

ለአንዱ የሠራሁትን የቤት ፕላን ለሌላ ሰው ልጠቀምበት?

አንድ ረቂቅ ሠሪ ማራኪ ሰፈር ላለ ቤት የሠራውን ፕላን የባለቤቱን ስም ቀይሮ ለሌላ ደንበኛ መስጠት ይችል እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር። የመጀመሪያው ባለቤት ከፍሎ ያሠራው ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ አይሆንም። ደግሞ ለሌላ ቦታ ተዳፋትና አፈር የታሰበ ፕላን ነው፤ ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት መሆኗን ለጎንደሬ አልነግርም።

ነገር ግን የቅጂ መብት አዋጁ ሐሳብን፣ ዘዴንና አሠራርን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን መልክ ነው። ደረጃውን በዳገቱ በኩል የማውጣት ብልሃት፣ ምድር ቤቱን ሱቅ የማድረግ ሐሳብ፣ የፖስተር ፊደል አደራደር ልምድ፣ የኮድ አጻጻፍ ስልት የእናንተ ነው፤ ወደ ሚቀጥለው ሥራ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ፕሮግራመሮች ለዚህ ጥሩ ልማድ አላቸው፤ ለብዙ ሥራ የሚያገለግለውን የራሳቸውን ኮድ ከደንበኛው ኮድ ለይተው ያስቀምጣሉ፣ በውሉም «ይህ ክፍል የባለሙያው ነው፣ ደንበኛው የመጠቀም ፈቃድ አለው» ብለው ያሰፍራሉ። ዲዛይነሮችም የራሳችሁን ቴምፕሌት (ደጋግማችሁ የምትጠቀሙበትን መነሻ ንድፍ) እንዲህ ብትለዩ ይጠቅማችኋል።

ደንበኛው ያለውን ኮፒ ሁሉ አጥፋልኝ ቢለኝስ?

ውሉ ላይ መጠባበቂያ ማስቀረት ካለ አጥፉ ብሎ ማስገደድ አይችልም። ከሌለ፣ እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ መጀመሪያ ሙሉውን እንደተረከበና ወደፊት ከእኔ እንደማይጠይቅ በጽሑፍ ያረጋግጥልኛል፣ ከዚያ አጠፋለሁ። ውሉንና ደረሰኙን ግን አላጠፋም፤ እነሱ የእኔም ሰነዶች ናቸው። አንድ ጊዜ ግን ፎቶዋን እንዳጠፋላት የለመነችኝ ከባሏ የተለያየች ሴት ነበረች። ወረቀት እስኪመጣ አልጠበቅሁም፣ እዚያው እያየች አጠፋሁላት። የቀድሞ ባሏ የከፈለበት ሥራ ቢሆንም የእሱ ኮፒ ቀድሞም በእጁ ነበር።

ክፍያ ከከለከለኝ ኮፒውን እንደ መያዣ መጠቀም፣ ወይም የሠራሁለትን ድረ ገጽ መዝጋት እችላለሁ?

ያላስረከባችሁትን እስኪከፈላችሁ ማቆየት አንድ ነገር ነው። እኔ የመጨረሻውን ፋይል ላዩ ላይ የሚጫነው መለያ ምልክት ሳይኖርበት የምሰጠው ከቀሪው ክፍያ ጋር እጅ በእጅ ነው፤ ይህም በውሉ ተጽፏል። ካስረከባችሁ በኋላ ግን የይለፍ ቃሉን ስለምታውቁት ብቻ ገብታችሁ ድረ ገጹን መዝጋት ወይም ይዘቱን ማጥፋት ሌላ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከፈቃድ በላይ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ገንዘብ የሚጠይቅ ከሳሽ ሆኖ መሄድ የሚችል ልጅ በዚህ ምክንያት ተከሳሽ እንዲሆን አልፈልግም።

የሙሽራን ፎቶ «ካልከፈላችሁ እለጥፈዋለሁ» ማለትም እንደዚያው ነው፤ በፍጹም አታድርጉት። ለዕዳ ያላችሁ ማስረጃ ውሉ፣ መልእክቱና ቀን ያለው ኮፒ ነው። ወደ ሽማግሌም ወደ ፍርድ ቤትም ስትሄዱ እነዚህን ይዛችሁ ሂዱ።

ሥራ ቤቱ ቢዘጋ፣ ወይም ፎቶ አንሺው ቢሞት ኮፒዎቹ የማን ናቸው?

አንድ ወጣት የአጎቱን ፎቶ ቤት ከነኔጋቲቩ ወርሶ ነበር። የጫማ ካርቶን ሙሉ፤ የደርግ ዘመን የመታወቂያ ፎቶ፣ ከፋሲል ግንብ በር ላይ የተነሱ ተማሪዎች፣ ክርስትና፣ ሠርግ። «ስካን አድርጌ ልሽጠው?» አለኝ።

ፊልሙ እንደ ዕቃ የወራሹ ነው። የቅጂ መብቱ ሌላ ነው፤ አዋጅ 410/1996 ለፎቶግራፍ የሚሰጠው ኢኮኖሚያዊ ጥበቃ ፎቶው ከተነሳበት ጊዜ አንስቶ 25 ዓመት ስለሆነ፣ ለዚያ ካርቶን ጊዜው አልፏል። የሰዎቹ መልክ ግን ከዚህ ጋር አብሮ አላለፈም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 ለ25 ዓመት የተገደበ አይደለም፤ ሰውየው ቢሞት እንኳ ምስሉ ክብሩን ወይም መልካም ስሙን የሚነካ ከሆነ የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ መቃወም ይችላሉ። ስለዚህ የግንቡን፣ የአደባባዩንና የበዓሉን ምስል ለይ፣ የቤተሰብ ፎቶውን ግን ባለቤቶቹን ፈልገህ አድርስ አልኩት። ከየፖስታው ጀርባ ላይ ስምና ቀበሌ በእርሳስ ተጽፎ ስለነበር ከዚያ ጀመረ። መጀመሪያ ያገኛቸው ቀበሌያቸውን ያልለቀቁትን ነው።